ለጥላ ቲያትር የሚታተሙ ቅርጾች፦ ኮፒ ወረቀት፣ ሃርድ ፔፐር፣ ፊልም ወይስ የሌዘር እንጨት?

ቤት ውስጥም ሆነ ክፍል ውስጥ ለልጆች የጥላ ቲያትር ማሳየት የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምስሉን ከየት ላውርድ?» ብሎ ነው። ምስል እንኳ ሞልቷል። አንበሳው፣ ዛፉ፣ ፈረሰኛው፣ ቤተ መንግሥቱ ሁሉ በነጻ ይገኛል። ገንዘብና ጊዜ የሚበላው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ምርጫ ነው። ምን ላይ ይታተም? በምን ይቆረጥ? ምን ዓይነት መብራት ፊት ይቁም? ያው አንዱ ጅብ በኮፒ ወረቀት ሲሆን ይልፈሰፈሳል፣ በወፍራም ወረቀት ሲሆን ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ በፊልም ሲሆን ደግሞ ዓይኑ ቀይ ሆኖ ያበራል።

እዚህ የማወዳድረው አራት መንገድ ነው። ተራ ኮፒ ወረቀት ላይ አትሞ ካርቶን ላይ መለጠፍ፣ በቀጥታ ወፍራም ወረቀት ላይ ማተም፣ ግልጽ ፊልም ላይ በቀለም ማተም፣ ወይም ፋይሉን ይዞ ሄዶ በሌዘር ማስቆረጥ። አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። ከፊልሙ በስተቀር በሌሎቹ ሁሉ ለጥቁር ቀለም የምታወጡት ገንዘብ ብክነት ነው። ጥላ የሚሠራው ውፍረትና ጠርዝ ነው።

ጥቁሩ ቀለም ለማን ነው?

ከኢንተርኔት የሚወርዱት ቅርጾች አብዛኞቹ ድፍን ጥቁር ናቸው። ስክሪን ላይ ያምራሉ። ሲታተሙ ግን ገጹን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀለም መሙላት ማለት ነው። በኢንክጄት ከሆነ ወረቀቱ ይርስና ሲደርቅ ይጨማደዳል። በሌዘር ፕሪንተር ከሆነ ቶነሩ ይበዛና ወረቀቱ ሲታጠፍ ይላላጣል። ኮፒ ቤቱም ለሞላ ገጽ ተጨማሪ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ከመጋረጃው ማዶ የተቀመጠው ተመልካች የሚያየው ብርሃን ያልደረሰበትን ቦታ ብቻ ነው። ወረቀቱ በደንብ ወፍራም ከሆነ ነጭም ቢሆን ጥላው ጥቁር ነው። እንግዲህ ህትመቱ የሚያገለግለው መቀሱን ለመምራት ነው ማለት ነው። ስለዚህ ዙሪያውን መስመር ብቻ አትሙ። ፋይሉ ድፍን ጥቁር ከሆነና ማስተካከል ካልቻላችሁ፣ በስልካችሁ የፎቶ ማስተካከያ ብሩህነቱን ጨምሩና ፈዛዛ ግራጫ አድርጉት። ግራጫ ሌላም ጥቅም አለው። ከውስጥ የሚቆረጡትን ቦታዎች፣ ዓይንን፣ የልብስ ጥለትን፣ በእርሳስ ልትሥሉበት ትችላላችሁ። ጥቁር ላይ እርሳስ አይታይም።

አትሞ፣ ቆርጦ፣ ማጫወት አዲስ ሐሳብ አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ ኤፒናል የምትባለው ከተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ርካሽ ሥዕሎችን በገፍ ታትም ነበር። ከእነሱ መካከል ለጥላ ጨዋታ የሚቆረጡ ገጾችም ነበሩበት። ቤተሰቡ ገጹን ገዝቶ ካርቶን ላይ ይለጥፋል፣ በመቀስ ይቆርጣል፣ ማታ በመብራት ያጫውታል። እኛም የምናደርገው ያንኑ ነው።

ኮፒ ወረቀት ካርቶን ላይ

ርካሽ ስለሆነ ይናቃል። ጥላውን ያየ ግን አይንቀውም። 80 ግራም የሚባለው ተራ ወረቀት ብቻውን አይሆንም። ብርሃን ያልፍበታል፣ ሲያዝ ይጎብጣል፣ ሰው በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር ይርገበገባል። የብስኩት ወይም የሻይ ቅጠል ካርቶን ላይ ሲለጠፍ ግን ብርሃን የሚባል አያሳልፍም። ከወረቀት መንገዶች ሁሉ ጥቁሩ ጥላ የዚህ ነው።

ካርቶኑ ላይ መራጭ ሁኑ። የጫማ ካርቶን ጠንካራ ነው፣ ግን የልጅ መቀስ አይበግረውም። በመሃሉ ሞገድ ያለው የቴሌቪዥንና የፍሪጅ ካርቶን ይቅርባችሁ። ጠርዙ ይፈረካከሳል፣ ጆሮና ጅራት አይወጣበትም። ኮላው ውሃ ከበዛበት ካርቶኑን ያጎብጠዋል። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበትና ይደር። ጀርባው ላይም አንድ ባዶ ወረቀት ብትለጥፉበት ሁለቱም ወገን እኩል ስለሚሳብ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ቆረጣው ከደረቀ በኋላ ነው። እርጥብ ካርቶን ላይ ምላጭ ሲሄድ ወረቀቱን ይጎትተዋል።

ጉዳቱ ጊዜ መብላቱ ነው። አምስት ቅርጽ ለመሥራት ደስ ይላል። ለአርባ ተማሪ ግን አይታሰብም።

ሃርድ ፔፐር ላይ በቀጥታ

ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይህን ነው። ከ200 እስከ 250 ግራም ያለው ወፍራም ወረቀት፣ ለሽፋንና ለሰርተፍኬት የሚሆነው፣ በመቀስ ይቆረጣል፣ ዘንግ ይሸከማል፣ ኮላም አይፈልግም። የቤት ፕሪንተር ግን ሁሉንም አይቀበልም። ወረቀቱን ከሥር ስቦ ወደ ኋላ አዙሮ የሚያወጣው ዓይነት ወፍራም ሲሆንበት ያንቀዋል። ከኋላ በቀጥታ የሚያስገባ ካለው በዚያ ሞክሩ። አለዚያ ኮፒ ቤት ይሻላል።

ከመግዛታችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ፈትሹት። የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ አንድ ክንድ ያህል አርቁት። ወረቀቱን ፊቱ ያዙና በመካከል ጣታችሁን አሳልፉ። የጣታችሁ ቅርጽ በማዶ በግልጽ ከታየ ወረቀቱ ስስ ነው። ነጭ ወፍራም ወረቀት ኃይለኛ መብራት ፊት ሲቀርብ ትንሽ ግራጫ ማለቱ አይቀርም። ያ ካስቸገራችሁ ጥቁር ሃርድ ፔፐር ግዙና የታተመውን ስስ ወረቀት በትንሽ ፕላስተር ላዩ ላይ አያይዛችሁ ሁለቱን አንድ ላይ ቁረጡ። ከዚያ ስሱን ትጥሉታላችሁ።

ላሚኔት ላስደርገው ወይ የሚል ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። ኮፒ ወረቀትን ላሚኔት ማስደረግ ገንዘብ ማጥፋት ነው። ይጠነክራል እንጂ ብርሃን ማሳለፉን አይተውም። ወፍራሙን ወረቀት ግን ልጆች በየሳምንቱ የሚይዙት ከሆነ ያዋጣል። ችግሩ ጠርዙ ላይ ነው። ፕላስቲኩን ከወረቀቱ ጋር እኩል ከቆረጣችሁት ቆይቶ ይላቀቃል። ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ካስተረፋችሁለት ደግሞ መጋረጃው ላይ በቅርጹ ዙሪያ ቀጭን መስመር ይታያል። ለእኔ መስመሩ ይሻላል። ልጆቹ ከቁም ነገርም አይቆጥሩትም።

ሲቆረጥ ከውስጥ ይጀመር። መጀመሪያ ዓይኑንና ክፍተቶቹን በምላጭ አውጡ፣ ከዚያ ዙሪያውን በመቀስ። ዙሪያው ቀድሞ ከተቆረጠ ለምላጩ የሚያዝ ቦታ ይጠፋል። መቀሱን አታዙሩ፣ ወረቀቱን አዙሩ።

ጅቡ ውሻ እንዳይመስል

የሚወርዱት ስብስቦች ብዙዎቹ የአውሮፓ ተረት ናቸው። ተኩላ፣ ጠንቋይ፣ ልዕልት፣ ግንብ። አያ ጅቦ የለም። እሜቴ ጦጢት የለችም። አህያ ቢገኝም ጭነት የለውም። ጀበና፣ ጎጆ ቤት፣ ነጠላ የለበሰች ሴት ፈልጋችሁ ስታጡ የራሳችሁን ሠርታችሁ ማተም ግድ ይሆናል። ከባድ አይደለም። ዕቃውን ወይም ሰውየውን በብሩህ መስኮት ፊት በጎኑ አቁሙና ፎቶ አንሱ። ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ያን አትሙና ዙሪያውን ተከተሉ።

ጥላ ላይ ፀጉርና ቀለም ስለሌለ እንስሳውን የሚያሳውቀው አቋሙ ብቻ ነው። ጅብ ከፊት ከፍ፣ ከኋላ ዝቅ ይላል። ጀርባው ከትከሻው ጀምሮ ቁልቁል ይወርዳል። ይህን ቁልቁለት ከረሳችሁ ውሻ ሆኖ ያርፋል። አንገቱን አወፍሩት፣ ጆሮውን ክብ አድርጉት፣ ጅራቱን አሳጥሩት። ትንሽ ማጋነን ምንም አይደለም። የእኛ አገሩ ጅብ ነጠብጣብ ያለው ስለሆነ የወረቀት መብሻ ይዛችሁ ሆዱ ላይ ሦስት አራት ቀዳዳ ብታደርጉበት ብርሃኑ በዚያ እየገባ ነጠብጣቡን ይሠራላችኋል። አህያን የሚያሳውቀው ጆሮው ነው። ጭንቅላቷን የሚያህል ጆሮ ስጧት።

ጀበና ቀላል ይመስላል፣ ግን በእጀታውና በአንገቱ መካከል ያለው ክፍተት ካልተቆረጠ ድንች ነው የሚመስለው። ያን ክፍተት ስታወጡት ወዲያው ጀበና ይሆናል። ነጠላም እንዲሁ ነው። ድፍን ከሆነ ሴቲቱ ጆንያ ትመስላለች። የጥበቡን መስመር በምላጭ ሦስት ሚሊሜትር ያህል ከፍታችሁ ብታወጡት ብርሃኑ ጥለቱን ይስለዋል። ሹሩባውን ከማጅራቷ ላይ በትንንሽ ጥርስ ማሳየት ይቻላል። የላሊበላ መስቀል ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል፣ ግን ትንንሾቹን መስኮቶች ሁሉ ለማውጣት አትሞክሩ። ከሦስት ሚሊሜትር ያነሰ ቀዳዳ መጋረጃው ላይ ይደፈናል፤ በሁለት ቀዳዳዎች መካከል የሚቀረው ድልድይም ከሦስት ሚሊሜትር ካነሰ ይበጠሳል።

የቆዳ ባለሙያዎቹም የሚሠሩት እንዲሁ ነው። ዋያንግ ኩሊት የሚባለው የኢንዶኔዥያዋ የጃቫ ደሴት የጥላ ቲያትር ቅርጽ ከጎሽ ቆዳ የሚሠራ ሲሆን ልብሱና ጌጡ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተፈለፈለ ነው። ብርሃን የማያሳልፍ ቆዳ ላይ ዝርዝር ማሳየት የሚቻለው በቀዳዳ ብቻ ስለሆነ ነው። ደስ የሚለው ግን ያንኑ ቆዳ በቀለምና በወርቅ ያስጌጡታል። ከመጋረጃው በስተጀርባ፣ በአጫዋቹ በዳላንጉ ወገን ተቀምጦ የሚያይ ተመልካችም ስላለ ነው። የእናንተ ልጆች ከኋላ ሆነው ማየት ከወደዱ የሃርድ ፔፐሩን ፊት ቀለም ቢቀቡት አይከፋም።

ፊልም ላይ በቀለም

አስተማሪዎች ለኦቨርሄድ ፕሮጀክተር ይጠቀሙበት የነበረው ግልጽ ፕላስቲክ ነው። እዚህ ላይ ሕጉ ይገለበጣል። ሁሉ ነገር ህትመቱ ነው። ቀይ ቀሚስ ቀይ ሆኖ መጋረጃው ላይ ይወድቃል። ዘመዱ ካራጎዝ የሚባለው የቱርክ የጥላ ቲያትር ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ያሰፈረው ካራጎዝ በተለምዶ የግመል ቆዳ ተፍቆ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ሳስቶ ቀለም የሚቀባበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የተመዘገበው የቻይናውም ጥላ ቲያትር ባለ ቀለም ቆዳ አለው። ሁለቱም ላይ ቀለሙን ጥቁር መስመር ሲከበው ታያላችሁ። ያ መስመር ከሌለ ቀለም ከብርሃን ጋር ይዋሃዳል። ፊልም ስታሳትሙም መስመሩን አወፍሩት።

ቀለም ስትመርጡ አትቆጥቡ። ስክሪን ላይ ደማቅ የሚመስለው ቢጫ ፊልም ላይ የለም ማለት ይቻላል። ፕሪንተር ነጭ ቀለም አያትምምና ነጩ ቦታ ሁሉ ባዶ ይሆናል። ነጭ ነጠላ በፊልም አይታሰብም። ጥቁሩም ጥቁር አይሆንም፤ ቡናማ ይላል። መፍትሔው ሁለት ቅጂ አሳትሞ አንዱን በአንዱ ላይ መደረብ ነው። ዋጋውም እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ማስጠንቀቂያ። ሌዘር ፕሪንተር ቶነሩን የሚያጣብቀው በሙቀት ነው፤ ወደ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጠጋ። ለጥራዝ ሽፋን የሚሆነውን ግልጽ ላስቲክ ወይም ማንኛውንም ያገኛችሁትን ፕላስቲክ ብታስገቡበት ውስጡ ቀልጦ ይጣበቃል፣ ማሽኑም ለጥገና ይሄዳል። ፓኮው ላይ ለሌዘር የሚሆን ብሎ የተጻፈበት ፊልም ብቻ። ኮፒ ቤቱ «የራሳችሁን ፊልም አናስገባም» ካላችሁ አትቀየሙት። ለኢንክጄት ደግሞ አንድ ፊቱ ሻካራ የሆነ ፊልም አለ። ቀለሙ የሚይዘው በሻካራው በኩል ነው። በለስላሳው ብታትሙ በጣት ይጠረጋል።

ፊልም ለገጸ ባሕርይ ጥሩ ነው ወይ? እኔ አይመስለኝም። ይልፈሰፈሳል፣ ይጫጫራል፣ የጣት አሻራ ይይዛል፣ ጭረቱ ሁሉ መጋረጃው ላይ ይታያል። ለመልክዓ ምድር ግን አቻ የለውም። ተራራ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ዋርካ፣ ወንዝ አሳትማችሁ መጋረጃው ላይ በፕላስተር ለጥፉና ጥቁሩን ጅብ ፊቱ አስሩጡት። ይህ ቅልቅል በገንዘብ የማይገኝ ነገር ይሰጣል።

ከዚህም ርካሽ መላ አለ። ሃርድ ፔፐሩ ላይ መስኮት ክፈቱና ከጀርባ ባለ ቀለም የስጦታ መጠቅለያ ላስቲክ ለጥፉበት። ቀይ ዓይን፣ አረንጓዴ ቀሚስ፣ ቢጫ ፋኖስ፤ ፕሪንተር ሳያስፈልግ። ልጆቹ ራሳቸው ይሠሩታል። ቀለም ለመጨመር ብቻ ከሆነ ፊልም የምታስቡት፣ ተዉትና ይህን ያዙ።

በሌዘር የተቆረጠ እንጨት

ማስታወቂያ የሚሠሩ ቤቶች ሌዘር መቁረጫ አላቸው። 3 ሚሊሜትር ፕላይውድ ወይም ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ሰሌዳ) በደቂቃዎች ውስጥ ያወጡላችኋል። ጥላው እንከን የለውም፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ለትምህርት ቤት፣ ለቤተ መጻሕፍት፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት የልጆች ክፍል፣ በየዓመቱ ያንኑ ተረት ለሚያሳይ ሰው ያዋጣል። ለአንድ የልደት ቀን አያዋጣም።

ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ ፋይሉ ጄፔግ ከሆነ አይሠራም፤ መስመሩን በነጥብና በኩርባ የያዘ ፋይል፣ ኤስቪጂ ወይም ዲኤክስኤፍ ይጠየቃል። ጄፔጉን ወደዚያ መለወጥ ይቻላል፣ ግን ጠርዙ ጥርስ በጥርስ ሆኖ ይመጣና እያስተካከሉ መዋል ነው። ሁለተኛ እንጨት ይከብዳል። የስድስት ዓመት ልጅ እጁን ዘርግቶ ብዙ አይቆይም። ቀጫጭን እግሮችም በእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ ቀጭ ይላሉ። ሦስተኛ «ፒቪሲ ቁረጥልኝ» እንዳትሉ። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ በሌዘር ሲቃጠል የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ያወጣል፤ ሳንባንም ማሽኑንም ይጎዳል።

ሰው ብዙ ጊዜ የማያስበው ግን በሌዘር ሃርድ ፔፐርን ማስቆረጥ ነው። ጠርዙ ትንሽ ቡናማ ይላል፣ ያም በጥላ ላይ አይታይም። ሠላሳ ተመሳሳይ ጅብ ለሠላሳ ተማሪ ከፈለጋችሁ ከዚህ የተሻለ የለም። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ እንደ ክሪከት ያሉ የቤት መቁረጫ ማሽኖችን ከጎረቤት ወይም ከቤተ መጻሕፍት ብትጠይቁ ያንኑ ሥራ ይሠሩላችኋል።

መብራቱ ምርጫችሁን ይለውጠዋል

ቅርጹን ከማሳተማችሁ በፊት ምን እንደምታበሩ ወስኑ። የጥላ ጠርዝ የሚደበዝዘው በሁለት ነገር ነው፤ በመብራቱ ስፋትና ቅርጹ ከመጋረጃው በመራቁ። ስፋቱ 6 ሴንቲሜትር የሆነ አምፖል ከቅርጹ 150 ሴንቲሜትር ርቆ፣ ቅርጹ ከመጋረጃው 3 ሴንቲሜትር ብቻ ከራቀ የጠርዙ ብዥታ ከአንድ ሚሊሜትር ትንሽ ይበልጣል። ማንም አያስተውለውም። ያንኑ ቅርጽ 30 ሴንቲሜትር ከመጋረጃው ወደ አምፖሉ ብታመጡት ብዥታው አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ይሆናል። በምላጭ ስትለፉበት የዋላችሁት የነጠላ ጥበብ ጠፋ ማለት ነው።

የስልክ ባትሪ ሌላ ነው። ብርሃኑ የሚወጣባት ነጥብ ጥቂት ሚሊሜትር ስለሆነች ቅርጹ ከመጋረጃው ቢርቅም ጠርዙ ስል ነው። ስለዚህ ጅቡ ወደ መብራቱ ሲጠጋ ግዙፍ እየሆነ መምጣት አለበት ካላችሁ በስልክ ሥሩ። አምፖል ብቻ ካላችሁ ቅርጹን መጋረጃው ላይ አስጠግቶ ማጫወት ነው። ብዙ ትንንሽ አምፖል የተደረደረበት የእጅ ባትሪ አይሆንም፤ በእያንዳንዷ አምፖል ልክ አንድ አንድ ጥላ ይጥላል። ሻማ ጥላውን ሕያው ያደርገዋል፣ የጃቫዎቹም የጥንት መብራት የዘይት ኩራዝ ነበር። ወረቀት፣ ጨርቅና ልጅ ባለበት ግን ሻማ አይታሰብም። መብራት ሲጠፋ ስልክ በቂ ነው። እንዲያውም መብራት የጠፋበት ማታ ከዚህ የተሻለ ጨዋታ አላውቅም።

መጋረጃው ላይ ብዙ አልልም። የተወጠረ ነጭ አቡጀዲ ወይም ስስ አንሶላ ይበቃል። ለትንሽ ሳጥን መድረክ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ከጨርቅ ይሻላል።

ሲታተም የሚበላሽ ነገር

የኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊሜትር ነው። አሜሪካ ያለው ሌተር የሚባለው 216 በ279 ነው። አሜሪካ ያለች እህታችሁ የሠራችውን ፋይል አዲስ አበባ ስታትሙት ፕሪንተሩ ከገጹ ጋር አስማማለሁ ብሎ መጠኑን ይለውጠዋል። ለአንድ ቅርጽ ግድ የለም። ገላው በአንድ ገጽ፣ እጁና እግሩ በሌላ ገጽ ከሆነ ግን አንዱ ገጽ ሲቀንስ መገጣጠሚያው አይገጥምም። ኮፒ ቤት ስትደርሱ «ወንድም፣ ፊት ቱ ፔጅ እንዳትል፣ መቶ ፐርሰንት ይሁን» በሉት። ይገባዋል።

የምስሉም ጥራት አለ። ቅርጹ 20 ሴንቲሜትር ቁመት ኖሮት በደንብ እንዲወጣ ቁመቱ ቢያንስ 1200 ፒክስል ያህል ይሁን። በቴሌግራም እየተቀባበለ የተጨመቀ ፎቶ ጠርዙ ደረጃ ደረጃ ይሆናል። እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክላችሁ። ፒዲኤፍ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ጥሩ። ቅርጹ ላይ ፊደል ካለበት፣ የሱቅ ስም ለምሳሌ፣ የታተመው ፊት ወደ ተመልካቹ ይዙር። እናንተ ከኋላ ሆናችሁ ግልብጥ ብሎ ካያችሁት ተመልካቹ ቀጥ አድርጎ ያነበዋል።

መገጣጠሚያ ያለው ወይስ አንድ ወጥ?

ሰው ሁሉ እጁ፣ እግሩ፣ አንገቱ የሚንቀሳቀስ ቅርጽ ይመኛል። ለጀማሪ አንድ ወጥ ይሻላል። ስቤክ ቶም የሚባለው የካምቦዲያ የጥላ ቲያትር ግዙፍ የቆዳ ቅርጾች ምንም መገጣጠሚያ የላቸውም፣ እንቅስቃሴውን የሚሠሩት ይዘዋቸው የሚጨፍሩት ሰዎች ናቸው። የቻይናው ደግሞ በብዙ ቁራጭ ተገጣጥሞ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ዘንግ ይያዛል፤ ያን ለማጫወት ዓመታት ይፈጃል። መገጣጠሚያ ካማራችሁ በአንድ ቦታ ብቻ ይሁን። ለጅቡ መንጋጋው፣ ለአያት እጃቸው። በመርፌ ቀዳዳ አድርጋችሁ ክር አሳልፉና በሁለቱም ወገን ቋጥሩት። ቋጠሮው ላላ ይበል፣ አለዚያ አይዞርም።

ለዘንግ ከጭድ ትንሽ ወፈር ያለ የቀርከሃ ስንጥቅ ይሆናል። ለትንንሾቹ ስቲኪኒ ያጥራል። ዘንጉ ከታች በኩል ከተለጠፈ እጃችሁ ከመድረኩ ጠርዝ በታች ስለሚደበቅ ለልጆች ቀላል ነው። ከኋላ በቀጥታ የሚወጋው የካራጎዝ ዓይነት ቅርጹን መጋረጃው ላይ በደንብ ያስጠጋል። አምፖል ለሚጠቀም ያ ይሻላል። ወረቀቱ ግን ቢያንስ 250 ግራም ካልሆነ መያዣው ይቀደዳል።

ከነጻ ፋይሎች ብዙዎቹ ነጻ የሆኑት ለግል ጥቅም ነው። ቲኬት የምትሸጡ ከሆነ ገጹ ላይ ያለውን ፈቃድ አንብቡ፣ ወይም የራሳችሁን ሥሩ።

ጨዋታው ሲያልቅ ዘንጉን ነቅላችሁ ቅርጾቹን ጠፍጣፋ አድርጋችሁ በካርቶን ፋይል ውስጥ አስቀምጡ። በሌዘር የታተመውን፣ ፊልሙንም ጨምሮ፣ ግልጽ የላስቲክ ፋይል ውስጥ በቀጥታ አታስገቡ። ቶነሩ ከላስቲኩ ጋር ይጣበቃል። በመካከላቸው አንዳንድ ኮፒ ወረቀት አስገቡበት።